ዳገት ላይ የምታንቀላፋው ማዝዳ

«አባዬ አራት ሰዓት ላይ ለዓይኑ ሆስፒታል ይሄዳል። እስኪመለስ ካርቡሬተሩንም ፓምፑንም ቀይረን እንጨርሳለን። ከተቀየረ በኋላ ምን ያደርጋል? ሁለት ቀን ይኮርፋል፣ ከዚያ ይተወዋል።»

ዓመለወርቅ ይህን የሰማችው ጓሮ ቁጢጥ ብላ የትናንት ማታ ሳህን እያጠበች ነው። ተናጋሪው የገዛ ልጇ ኤልሳዕ ነው፤ መኪናዋ ከምትቆምበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆኖ በሞባይል ከመካኒኩ ከታምራት ጋር ይነጋገራል። ሰው ቆርቆሮ ቤት ሲገባ የተደበቀ ይመስለዋል መሰለኝ፤ ድምፁ ግን ሰፈሩን ሊያዳርስ ምንም አልቀረው። ዓመለወርቅ ክው ብላ ቀረች። እጇ ላይ የነበረው ሳህን ከነአረፋው ወደ ባልዲው ተመለሰ። አባትየው በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ሳሎን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ አሁን አሁን አንድ ጫማ ለማሰር ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ጆሮው ግን ደህና ነው። ሰምቶ ይሆን ብላ በመስኮቱ አጮልቃ አየችው። ፊቱ እንደወትሮው ነው። የሰማም ሰው ፊት ነው፣ ያልሰማም ሰው ፊት ነው።

ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህን ቀድሞ መናገር ይገባል። አዋሳ በውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ለራሱ ቤት ሳይገዛ ለወላጆቹ ፍሪጅ የገዛ ልጅ ነው። የዛሬ አሥር ቀን እሑድ ያገባል። ሙሽራዋ ብሩክታይት የዲምቱ ልጅ ናት፣ አስተማሪ፣ አነጋገሯ ቁጥብ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ኅዳር ላይ ሽማግሌ የተላከ ዕለት ነው። ሽማግሌ ሲላክ እንደምታውቁት በማለዳ መድረስ ክብር ነው፤ ረፍዶ መድረስ ደግሞ ሙሽራዋን እንደማቃለል ይቆጠራል። አባትየው ዳና በዚያን ቀን ሦስት ሽማግሌዎች በማዝዳዋ ጭኖ ከሶዶ የወጣው ጎህ ሲቀድ ነበር። ታንከሩን ማታውኑ እስከ አፉ አስሞልቷል። ከበዴሳ አለፍ እንዳሉ አንዲት አቀበት ላይ መኪናዋ ትንፍስ ትንፍስ ብላ ጸጥ አለች። ሩብ ሰዓት ጠብቀው ቢያስነሷት ተነሳች። ሁለተኛ ቆመች። ሦስተኛ ቆመች። በአራተኛው ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን እንደለበሱ ከኋላ ገፉ፤ አንዱ እንዲያውም የአዲስ ጫማውን ተረከዝ እዚያ ጥሎ ቀረ። በመጨረሻ በቆሎ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው፣ አቧራና ብናኝ ለብሰው፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረሱ። የልጅቷ አባት አቶ ቦልቴ በሩ ላይ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ሽማግሌ ስንጠብቅ ጫኝና አውራጅ መጣልን» አለ። ልጁን ሰጠ፤ መስጠቱን ሰጠ። ነገር ግን ያቺ ቃል ከዲምቱ ሶዶ የደረሰችው ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ነው።

ማዝዳዋ በዚያን ጊዜ ለወላይታ ሶዶ ብርቅ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ ሆና የጥር አቧራ ሲያርፍባት ሸክላ የምትመስል የስፖርት መኪና፤ አንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ አገር ለቆ ሲሄድ ለዳና በርካሽ የሸጠለት። ዳና ሃያ ስድስት ዓመት በሙያ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። የዚህች መኪና ሞተር ፒስተን የለውም። እንደ ሌላው መኪና ብረት ወደ ላይ ወደ ታች አይልበትም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው ውስጡ የሚሽከረከረው። ዳና ይህን ለተማሪዎቹ የሚያስረዳው ከሻይ ቤት ሳምቡሳ አስመጥቶ የወተት ጣሳ ውስጥ እያዞረ ነበር፤ ተማሪዎቹ ትምህርቱን ይርሱት አይርሱት እንጂ ሳምቡሳውን ማን እንደበላው እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። ከጭስ ማውጫ ማርሚታዋና ከወንበሮቿ ልብስ በቀር መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። አንድ ብሎን እንኳ ዳና ሳያውቀው ተፈትቶ አያውቅም።

ከኅዳር በኋላ ግን ዳና ሌላ ሰው ሆነ። ካንዴላ ቀየረ፣ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ አጠበ። ታምራት ጋራዥ ወስዶ ኮፈኗን ከፍቶ ግማሽ ቀን ሲያስነሳት እንደ ሰዓት ትሠራለች፤ መንገድ ስትወጣ ሃያ ደቂቃ ሄዳ ዳገት ላይ ታንቀላፋለች። ደግሞ ግራ የሚያጋባው፣ ነዳጅ ስትጠግብ ይብስባታል። ዳና የድሮ የማስተማሪያ ደብተሮቹን አውጥቶ በማጉያ መነጽር ገጽ በገጽ አየ። ምንም የለም። አንድ ቀን ማታ ደብተሩን አጥፎ «ጆሮዬ ከድቶኛል ዓመለ። ድሮ መኪና በር ላይ ሲያልፍ በሽታው ይገባኝ ነበር» አላት። ቁልፉን ከተመራቂ ተማሪዎቹ ፎቶ አጠገብ ያለች ምስማር ላይ ሰቀለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላወረዳትም። ዓመለወርቅ ያቺን ቁልፍ ሳሎን በገባች ቁጥር ታያለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከዲምቱ መልእክት መጣ። አቶ ቦልቴ «ለሙሽራዋ ደህና መኪና ተከራዩላት፤ ልጄ ቬሎ ለብሳ መኪና አትገፋም» ብሏል። ኤልሳዕ ነገሩ አንገበገበው። የአባቴን መኪና ትቼ በሰው መኪና አልሞሸርም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚያች መኪና ሚስት እንደሚያመጣ ሲያወራ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ሄዶ ከሶማሌ ተራ ትልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕና አፈ ሰፊ ካርቡሬተር በአራት ሺህ ስምንት መቶ ብር ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ይቺን ከገጠምክ ነዳጅ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው የሚወርድላት» ብሎታል። ዳና ካርቡሬተሩን በጣቱ ዳሰሰና ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ሞተር ዘይት የሚጠጣው በካርቡሬተሩ በኩል ነው። አንተ ያመጣኸው የዘይት መግቢያ የለውም። በማዕዘኖቹ ጫፍ ያሉት ስስ ብረቶች ዘይት ካጡ ዓመት አይቆዩም፣ ተበልተው ያልቃሉ። ከዚያ ወዲያ ይቺ መኪና ዶሮ ማሳደሪያ ናት» አለ። ልጁ «ታዲያ ምኗን ነው ያመማት? ንገረኛ» አለው። ዳና ካርቡሬተሩን ወደ ካርቶኑ መለሰ። አባትና ልጅ ይህ ከሆነበት ቅዳሜ ወዲህ በአንድ ማዕድ እየበሉ ጨው አቀብለኝ ከማለት ሌላ አልተነጋገሩም።

የዛሬውም ቁርስ እንደዚያው ነበር። የተቀቀለ ጎደሬ፣ ዳጣ፣ ሻይ። ዳና በቀስታ ያኝካል፤ ኤልሳዕ ሞባይሉን ያያል፤ ዓመለወርቅ ሁለቱን ታያለች። ልናገር አልናገር ስትል ሻዩ ቀዘቀዘ። ብትናገር፣ ሠርግ አሥር ቀን ሲቀረው ባልና ልጇን ልታጣላ ነው። ዝም ብትል፣ ባሏ ዓይኑን ታክሞ ሲመለስ የሚጠብቀው የተገለበጠ ሞተር ነው። «እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው በድንገት። ዳና ቀና ብሎ «ምን ታደርጊልኛለሽ?» አላት። «ወረፋ እይዝልሃለሁ» አለች። ኤልሳዕ ዓይኑን ከሞባይሉ ሳያነሳ «ጥሩ ነው እማዬ፣ አብረሽው ሁኚ» አለ። ቶሎ አለ፤ ከልክ በላይ ቶሎ።

ባጃጅ በነፍስ ወከፍ አንድ ከሃምሳ ከፍለው ሄዱ። ሆስፒታሉ ግቢ ሐሙስ ስለሆነ ሰው ሞልቷል፤ ገበያ ሊወርድ ዶሮውን አንጠልጥሎ መንገዱን በዚያው ያደረገ ሁሉ አለ። የካርድ ክፍል ወረፋ ሃያ ሰባተኛ ደረሳቸው። በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከፊት ለፊታቸው አንዲት ሴት የተፋቀ እንሰት ሽታ ከልብሷ ሳይወጣ ልጅ ታጠባለች። ዳና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሽከረክራል። ዓመለወርቅ ሦስት ጊዜ አፏን ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋች። በአራተኛው አወጣችው።

«የኤልሳዕ አባት፣ ልጁ ዛሬ መኪናዋን ሊፈታት ነው። ታምራትን ጠርቶታል።»

ዳና ባርኔጣውን ማሽከርከሩን አላቆመም። «ሰምቻለሁ» አላት። «ጫማዬን ሳስር ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህ ነው የመጣኸው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በሽታዋን ካላገኘሁ አትንኩ የምልበት ምን አፍ አለኝ? ይቀይሩት። ለሠርጉ ቀን ካደረሰቻቸው ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ብትሞትም እኔም ብዙ አልነዳም።»

እንግዲህ ዓመለወርቅ ይህን ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ታውቀዋለች። ሲቆጣ ታውቀዋለች፣ ሲኮራ ታውቀዋለች፣ ለአንድ ብሎን ሲል ምሳውን ሲረሳ ታውቀዋለች። እጅ ሲሰጥ ግን አይታው አታውቅም። የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና ተነሳች። «ተነስ» አለችው። «ወረፋው?» ሲላት «ዓይንህ ሰኞም አለ፤ መኪናዋ ግን ከሰዓት የለችም» አለችው። ወረፋውን ለምታጠባዋ ሴት ሰጥተው ወጡ።

ደርሰው ሲገቡ ኮፈኗ ተከፍቷል፤ ታምራት ግን ገና መፍታት አልጀመረም። ታምራት የዳና የድሮ ተማሪ ነው፤ ዛሬ ሦስት ሠራተኛ ያለው የጋራዥ ባለቤት ይሁን እንጂ ዳናን ሲያይ እጁን ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ነው። አሁንም ካቻቢቴውን ከኋላው ደብቆ «እንደምን አደሩ ቲቸር» አለ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ኤልሳዕ እናቱን አየ፤ እናቱ መሬት አየች። አዲሱ ፓምፕ ከነካርቶኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጎረቤት ያለው ራዲዮ ስለ መጪው ምርጫ የሚለውን ሁሉ ሰሙ። ዳና አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር። ኮፈኗ ላይ እጁን አሳርፎ «ትፈቷታላችሁ፤ አልከለክልም። ከመፈታቷ በፊት ግን አንድ ጊዜ ይዛችሁኝ ውጡ። ስትቆም ልስማት። እስከ ዛሬ እኔው ስነዳ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ብቻ ልስማት» አለ። ኤልሳዕ «እሺ አባዬ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ሆነ። ምስማሩ ላይ ያለችውን ቁልፍ ያወረደችላቸው ዓመለወርቅ ናት፤ አውርዳም ዝም ብላ አልቀረችም፣ ከኋላ ወንበር ገብታ ተቀመጠች። ታምራትም አጠገቧ ገባ፤ የኋላው ወንበር ጠባብ ነውና ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጣ።

በአርባ ምንጭ መንገድ ወደ ሁምቦ ወረዱ። ኤልሳዕ ይነዳል፤ ዳና ከጎኑ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። የዳሞታ ተራራ ከኋላቸው ደመና እንደለበሰ ቀረ። ቁልቁለቱን ማዝዳዋ እንደ ሐር ወረደች፤ ያ ሞተር ሲሠራ ድምፁ ልዩ ነው፣ አይንኳኳም፣ ይዘፍናል ብትል ይቀላል። ዳና መስኮቱን በግማሽ አወረደ። ዓመለወርቅ ከኋላ ሆና የአንገቱን ሽበት እያየች፣ አንተ ጌታ ሆይ ዛሬ አሳፍረህ አትመልሰው እያለች ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ኤልሳዕ መኪናዋን አዞረና ዳገቱን ጀመሩ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ወጡ። ከዚያ ያ የሚያውቁት ነገር መጣ፤ ትንፍስ አለች፣ ነቅነቅ አለች፣ አንዴ እንደ መንቃት ብላ ጸጥ። ኤልሳዕ ፍሬን ይዞ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። «ይኸው። ፓምፑ አቅም የለውም አልኩህ እኮ» አለ።

«ቁልፉን አታጥፋው» አለ ዳና። «ዝም በሉ።»

ከኋላ፣ ከታንከሩ አጠገብ፣ የቤንዚኑ ፓምፕ ሲመታ ይሰማል። ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ። ዳና ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አንድ የበቆሎ ጭነት መኪና በአጠገባቸው አልፎ አቧራውን አለበሳቸው፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። «ይሄ ደካማ ፓምፕ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ደካማ ቢሆን ቀስ ብሎ ነበር የሚመታው። ይሄ ይፈጥናል። ይስባል ግን የሚመጣለት የለም። ታንከሩ ሙሉ ነው?» ኤልሳዕ «እናንተ እንደወጣችሁ ማደያ ወስጄ አስሞልቼዋለሁ፤ ቁልፉንም መልሼ ሰቀልኩ። በሊትር አሥራ ሁለት ብር ምናምን» አለ። ዳና «ሙሉ ታንከር እያለ ነዳጅ የማይመጣው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው እንደ ድሮው የክፍል ጥያቄ ነበር፣ ታምራት ከኋላ ሊመልስ እጁን ሊያወጣ ምንም አልቀረው። «ወርደህ የታንከሩን ክዳን ክፈት» አለው ዳና።

ታምራት ጉልበቱን ከአገጩ አላቆ ወረደ፤ ሁሉም ተከትለውት ወረዱ። ክዳኑን ይዞ ጠመዘዘ። ፉሽሽሽሽሽ አለ። አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፣ ረጅም፣ ታፍኖ የቆየ ሰው አፉን ሲከፍቱለት እንደሚስበው ዓይነት። ወዲያው የፓምፑ ምት ረጋ አለ። ቲክ። ቲክ። ቲክ። ዳና እጁን ዘርግቶ «ክዳኑን አምጣ» አለ። ዓይኑ አያይለትም፤ በአውራ ጣቱ ውስጡን ዳሰሰ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ዓመለወርቅ ከማንም በፊት አወቀችው። ሰማያዊ መስመር ያለበት ፌስታል ነው፣ ሁለት ጊዜ ታጥፎ፣ በመቀስ ክብ ሆኖ የተቆረጠ። ከወጥ ቤቷ የስኳር ፌስታል። መስከረም ላይ ነው ያደረገችው። መኪናዋ የምትቆምበት ቆርቆሮ ቤት ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ቤንዚኑ ሳሎን ድረስ ይሸታል። ሐሙስ ሐሙስ ለጸሎት የሚመጡት ሴቶች፣ በተለይ አስካለች የምትባለዋ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ «እዚህ ቤት ክብሪት መጫር ያስፈራል» ብላ አሳቀችባት። ዓመለወርቅም ሴት ወይዘሮ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። የላምባ ጀሪካን፣ የዘይት ጀሪካን፣ የጠላ ጀሪካን ሲያንጠባጥብ ምን ይደረጋል? ክዳኑ ውስጥ ፌስታል ተደርጎ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ሽታው ያን ቀን ጠፋ። እሷም ያን ቀን ረሳችው፤ መኪናዋም እስከ ኅዳር ከከተማ አልወጣችም።

«ላስቲክ ነው ቲቸር» አለ ታምራት፣ አንገቱን እያከከ። «እኔ... ባለፈውም አይቼዋለሁ። እርስዎ አስበው ያደረጉት መስሎኝ በደንብ አጥብቄ መልሼ አደረግሁት።»

ማደያውም ላይ የሚቀዱት ልጆች ሞልተው ሲጨርሱ ፌስታሏን በአክብሮት ወደ ቦታዋ እየመለሱ ኖረዋል ማለት ነው። ጀሪካን ላይ ያዩትን ነገር መኪና ላይ ሲያዩ ማን ይገረማል? ኤልሳዕ ክዳኑን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ አገላበጠው። ሽማግሌዎቹ የገፉት፣ አይሱዙው፣ የቦልቴ ምላስ፣ አራት ሺህ ስምንት መቶው ብር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ አለፉ። «ማደያ ያሉት ልጆች ናቸው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ሌላ ማን ያደርገዋል? ሄጄ ነው የማናግራቸው።»

እዚህ ላይ ዓመለወርቅ ዝም ብትል በቃ፣ አለቀ። ማንም አያውቅባትም። መኪናዋ ድናለች፣ ሠርጉ ይደርሳል፣ ማደያ ያሉትን ልጆች ኤልሳዕ ሁለት ቃል ተናግሯቸው ይመለሳል። ይህን ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ አሰበችው። ነገር ግን ያቺ ምስማር ላይ የተሰቀለች ቁልፍ ታየቻት። ይህ ሰው ሁለት ወር ሙሉ ራሱን ሲከስስ የኖረው በእሷ ፌስታል ነው። ሀፍረቱ ከእግሯ ጀምሮ እስከ ራሷ አቃጠላት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ልጆቹን አትንካ። ሽታው ሳሎን እየገባ ሲያሳፍረኝ እንደ ጀሪካን ዘጋሁት። እኔ ነኝ የኤልሳዕ አባት።»

ታምራት ወደ ዳሞታ አየ። ዳና ወደ እሷ ዞሮ በደከመ ዓይኑ ፊቷን ለማየት ሞከረ። ቀጥሎ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የተቆጣ መሰላት፤ ይቆጣ፣ መብቱ ነው ብላ ጠበቀች። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ያለቀሰ መሰላት። እየሳቀ ነበር። መጀመሪያ ድምፅ ሳያወጣ፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ፣ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ።

«ክዳኑ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «መርፌ የማታስገባ። ነዳጅ ሲወጣ በእሷ በኩል አየር ይተካል፤ ካልተካ ታንከሩ ጉሮሮው ይታነቃል። ሲሞላ የሚብስባትም ለዚህ ነው፤ ውስጡ የቀረ አየር የለማ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማስተምረው። ፈተናም ላይ አወጣዋለሁ። ታምራት፣ ላንተም መጥቶልህ ነበር።»

«መጥቶ ነበር ቲቸር» አለ ታምራት። «ያኔም ስቼዋለሁ።»

ኤልሳዕ ሳይወድ በግድ ሳቀ። ዓመለወርቅም ሳቀች፣ ደግሞም አለቀሰች፤ የትኛው እንደሚቀድም አላወቀችም። ዳና ፌስታሏን በጣቱ አንስቶ በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እንግዲህ ሞተሯ ደህና ነው» አለ። «ፓምፑም ደህና ነው።» ቀጥሎም «ጆሮዬም ደህና ነው» አለ፤ ይህን ያለው ለማንም ሳይሆን ለራሱ ነው። ዓመለወርቅ እጁን ይዛ ከድንጋዩ አስነሳችው። ሁለት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲነሳ ተሰማት።

ኤልሳዕ ቁልፉን ለአባቱ ዘረጋ። ዳና «ዓይኔን ሳልታከም ገደል ልከታችሁ ነው?» ብሎ መለሰለት፤ ቦታው ገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። ዳገቱን ጀመሩ። ዳና በጆሮው እየሰማ «አሁን ቀንስ... አሁን ስጣት... እንደሱ» ይላል፤ ልጁ እንዳለው ያደርጋል። የቆሙበትን ቦታ አለፉ። ያቺን የበቆሎ ጭነት መኪናም ደርሰውባት ቀደሟት፤ ኤልሳዕ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ጡሩምባ ነፋ። ሶዶ እስኪገቡ አንድም ጊዜ አላንቀላፋችም። ከተማ ሲገቡ ኤልሳዕ መንገዱን እያየ «አባዬ፣ ጠዋት ላደርግ የነበረውን ነገር...» ብሎ ጀመረ። ዳና «ካርቶኑን ሳትቀድ መልስላቸው፤ የሶማሌ ተራ ሰው የተቀደደ ካርቶን አይቀበልም» አለው። በዚህ ታለፈ። ምሳ ላይ ኤልሳዕ ለቦልቴ ቤት ደውሎ መኪና እንደማይከራዩ ሲናገር ዳና ከማዕዱ ማዶ «ገፊ ቢያስፈልግ አማቼ ራሱ አለ በለው» ሲል ተሰማ። ከኅዳር ወዲህ በዚያ ቤት ማዕድ ላይ እንዲህ ተወርቶ አያውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ የጸሎቱ ሴቶች መጡ። ዓመለወርቅ የቡና ቅጠል አፍልታ፣ ዳጣ ያለበት ቂጣ አቅርባ አስቀመጠቻቸው። ምስማሩ ላይ ቁልፍ የለም፤ ዳና ኪሱ ውስጥ ይዟት ቆርቆሮ ቤት ገብቶ አንድ ነገር እየነካካ ያፏጫል። አስካለች ሶፋው ላይ ሳትደላደል አየሩን አሸተተችና ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ወሰደች።

«ዛሬ ደግሞ ቤንዚን ይሸታል ዓመለ» አለች።

«መኪናችን ናት» አለች ዓመለወርቅ፣ ሲኒዋን እየሞላችላት። «እየተነፈሰች ነው። ተያት፣ ትተንፍስ።»

ከዚያ ተነስታ መስኮቱን ከፈተችላቸው።